የሻለቃ ባሻ ጠና አደራ

ዛሬ የካቲት ፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. በከምባታ አውራጃ፣ በሆሳዕና ከተማ፣ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ እኔ ሻምበል ባሻ ሽብሩ ላምቤቦ፣ በዚህ አገር ኑዛዜውን በገዛ እጁ የጻፈ የመጀመሪያው ወታደር እንደሆንኩ ይታወቅልኝ።

ምስክሬና የጦር ጓዴ አቶ ወንዳፈረው ይህን ሰምቶ ስላሳለ ጥቂት አስተካክላለሁ። ጡረታ የወጣሁት በአሥር አለቃነት ነው። ባሻነቱን የሰጠኝ የገበያ ሰው ነው፤ እኔም የሰው ስጦታ አልመልስም። በእጄ የጻፍኩትም እስከዚህ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ለዚያችው ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጅቶብኛል። የማታ መምህሬ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ «በእጅዎ ነው ከተባለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅዎ መሆን አለበት፤ አለዚያ በአራት ምስክር ፊት ይናገሩና እኔ ልጻፍልዎ» ስላለኝ፣ ሁሉንም እንደገና እሱ ጽፎታል። የፊደል ሠራዊት የማታ ትምህርት ከገባሁ ገና ዓመቴ ነው። ከሁለቱ ሠራዊቶች ይሄኛው ይከብዳል፤ ጥይት የለበትም፣ ግን መሸሸጊያም የለውም።

አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የሚያመኝ ደረቴ ነው፤ ደረት ደግሞ አያስብም። ስለዚህ ቃሌ የትኩሳት ቃል ነው የሚል ወራሽ ቢነሳ አይሰማ።

ይህ ቤትና ላሟ ከነጥጃዋ የባለቤቴ የወይዘሮ ገነቴ ናቸው። ወታደር ቤት ሳለሁ አንድም ደብዳቤ አልላክሁላትም፤ ማንበብ ስለማትችል አልተቀየመችኝም ብዬ ስናገር፣ ከጓዳ «ተቀይሜአለሁ» ብላለች። ይጻፍላት። ለልጄ ለማቴዎስ የታችኛው ማሳ ከነበሬዎቹ፣ ለልጄ ለኤሊያስ በፎንቆ መንገድ ያለው የባሕር ዛፍ ይሁን። ካፖርቴንም ኤሊያስ ይውሰድ፤ ብርድ የማይችል እሱ ነው።

የላይኛው የእንሰት ጓሮ፣ ከነጎጆው፣ የሟቹ አለቃዬ የሻለቃ ባሻ ጠና ሚስት የወይዘሮ ጣቢታ ነው። መጠለያ አይደለም፤ ርስት ነው።

ሻለቃ ባሻ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ከእሱ በላይ መኮንኖች አሉ። ከእሱ በታች እኛ ተራው፣ አሥር አለቃው፣ ሃምሳ አለቃው፣ እውነተኛው ሻምበል ባሻም ሳይቀር አለን። መኮንን ይዛወራል፤ ባሻ ይቀራል። ባሻ ጠና የእያንዳንዳችንን የእናት ስም ያውቅ ነበር። ጠዋት በሰልፉ ፊት ሲያልፍ ጫማ ያያል፣ የኮት ቁልፍ ያያል፣ ትኩሳት የያዘውንም በዓይኑ ለይቶ ከሰልፍ ያወጣል። ምግብ ሲታደል መጨረሻ የሚቀበለው እሱ ነበር። አብሬው በኖርኩበት ዘመን ሁሉ «ስጡኝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ኦጋዴን ሳለን የውሃው መኪና ተበላሽቶ በእግር ስንመለስ እኔ ወደቅሁ። ጥላ ሥር እንተወውና መኪና እንላክለት ያሉ ነበሩ። ባሻ ጠመንጃዬን ለወንዳፈረው ሰጥቶ እኔን በጀርባው አዘለኝ። እኔም እንዳይከፋው ብዬ ስለ አባቴ ፈረሶች ስተርክለት፣ «አንተ ሽብሩ፣ ዝም በል፤ ስታወራ ትከብዳለህ» አለኝ። ወንዳፈረው አሁን «ለእኔ ጠመንጃው ደረሰኝ፤ እሱ እንኳ አያወራም» ይላል። ተሳቀብኝ። ይሁን፤ ሚስት ያገባሁት፣ ልጅ የወለድኩት፣ ዛሬም ተቀምጬ የሚሳቅብኝ በዚያ ጀርባ ነው።

ባሻ ጡረታ ወጥቶ የትውልድ መንደሩ አዲሎ ሲገባ ወንድሞቹ ሞቷል ብለው መሬቱን ተከፋፍለውት አገኘ። ክሰስ ብንለው፣ «ወንድሜን ከስሼ ያገኘሁት መሬት አያበቅልልኝም» ብሎ ሻንጣውን አነሳ። ያን ጊዜ የላይኛውን ጓሮ በቃል ሰጠሁት። ወይዘሮ ጣቢታ እንሰት ተከሉበት። እሱ ካረፈም ወዲህ ብቻቸውን እዚያው ናቸው፤ በእጃቸው ግን ከቃሌ በቀር ምንም የለም።

እንሰት ደግሞ ዛሬ ተተክሎ ለከርሞ አይደርስም፤ ዓመታት ይጠብቃል። በመሬቱ ላይ እንደሚቆይ ያላመነ ሰው እንሰት አይተክልም። ባለፈው ሳምንት ችግኝ ሊያዛውሩ ሲቆፍሩ ማቴዎስ በአጥሩ በኩል፣ «እትዬ ጣቢታ፣ ይሄን ለማን ነው የሚተክሉት?» አላቸው። በክፋት አልነበረም ይላል። እሳቸው ግን ችግኙን በኮባ ጠቅልለው አጥሩ ሥር አስቀመጡት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ እየደረቀ ነው። ይህን ኑዛዜ ያስቸኮለኝም ደረቴ ሳይሆን ያ ችግኝ ነው።

ልጆቼም ስጦታውን እንዳይነኩ ይህን ይወቁ፦ ባሻ ጠና ሊያርፍ ሲል እጄን ይዞ፣ «ሽብሩ፣ ጣቢታን አደራ» ብሎኛል።

ይህን ሳስጽፍ ማቴዎስ፣ «አባባ፣ ባሻ ይህን ሲሉ ማን ሰማ?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ «እንግዲህ የባሻ ቃል ከሆነ ምን እላለሁ» አለ።

ስሞት ከባሻ ጠና አጠገብ ቅበሩኝ። በመቃብሬ እንጨት ላይ «አሥር አለቃ» ተብሎ ይጻፍ። ገበያ ውስጥ ባሻ መባል ይቻላል፤ እሱ ጎን ተኝቶ ግን አይቻልም።

ይህ ቃል ሲነገርና ሲነበብ የነበሩ እማኞች፦ አቶ ጥሩሰው፣ አቶ ኃይሉ እና ወይዘሮ ብርነሽ በፊርማ፤ አቶ ወንዳፈረው በአውራ ጣት። ወደ ማታ ትምህርት ና ብዬዋለሁ። ጸሐፊ ሰይፈሥላሴ።

ማንም ሳይፈርም መምህር ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሲያነብልን አደራው ላይ ሲደርስ ጆሮዬ አልተቀበለውም። ስለዚህ ይህ ይጨመር፦ ባሻ ጠና አደራ አላለኝም። ያን ዕለት እጄን ይዞ ያለኝ፣ «ሽብሩ፣ ኮትህን ቆልፍ» ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለምኖ የማያውቅ ሰው ሲሞት አይጀምርም። አደራውን እኔ ፈጠርኩት፤ የአሥር አለቃን ቃል ልጆቼ ይከራከሩት ይሆናል፣ የሻለቃ ባሻን ግን አይደፍሩም ብዬ ነው። መምህር «ልሰርዘው?» አለኝ። አይሰረዝ፤ ውሸቱም እውነቱም አብረው ይነበቡ። ጓሮው የእኔ ነው፤ የሰጠሁትም እኔው ነኝ፣ ማንም ሳያዘኝ።

ማቴዎስን አየሁት። እሱም፣ «ይፈርሙ አባባ» አለ፤ «የችግኙን ጉድጓድ እኔ እቆፍርላቸዋለሁ።»

ኮቴን ቆልፌ ፈረምኩ።

አሥር አለቃ ሽብሩ ላምቤቦ