ለብቻዬ የሚቀርበው ሰሃን

ለልጄ ለእስከዳር። የደረስጌ ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ፤ ጤናሽን ትጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ አሽቷል፤ ቀይዋ ላምም ወልዳለች።

ፊደል እየለቀምኩ የምጽፍልሽ፣ ስልኩ የወንድምሽ ሚስት የአገርነሽ ስለሆነና አጠገቧ ቆሜ እሷን ማማት ስለማልችል ነው። የደባርቁ ሐኪም ደምህ ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንስ ሲለኝ፣ አንቺ ከዚያ ሆነሽ «የአባባን ወጥ ለብቻ ሥሪ» ብለሽ አዘዝሻት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ መሶቡን ከቦ ሲቀመጥ፣ እኔ እንደ ተላላፊ በሽተኛ ጥግ ላይ በሰሃን ይቀርብልኛል። ትናንት የልጅ ልጄ ልታጎርሰኝ ብትነሳ፣ አገርነሽ እጇን ይዛ «ተይ፣ ጨው አለበት! አባባን ልትገድያቸው ነው?» አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች። እኔም ሰሃኑን ገፍቼ ጦሜን አደርኩ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን መብላት እንደማይሆንልኝ እያወቅሽ!

ጨውስ ይቅር፣ አልከራከርም። ደውይላትና ለቤቱ ሁሉ አንድ ወጥ፣ ጨው አነስ አድርጋ ትሥራ። ያልጣመው ከፊቱ ይነስንስ። እኔ እንዳልኩሽ ግን አትንገሪያት።

አንቺንም አምላክ ብቻሽን ከመብላት ያውጣሽ።

አባትሽ ትዕዛዙ