እማዬ በር ያስደገፈችበት ድንጋይ

ውድ ወንድሜ፣

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሉ ቢንጋደድብህ አትሳቅብኝ። ስልክህ አይነሳም። የዋሻ ቁፋሯችሁ ካቦ «ውስጥ ነው» አለኝ። የት ውስጥ እንደሆነ ዛሬ ነው የገባኝ።

ባለፈው ስትመጣ «ከተራራው ሆድ የወጣ ነው፤ ከእኛ በፊት ሰው አይቶት አያውቅም» ብለህ ለእማዬ ያመጣህላትን ድንጋይ ታስታውሳለህ? ነፋስ እንዳይዘጋባት በሩን አስደግፋበታለች። ለመጣው ሁሉ «የልጄ ስጦታ ነው» ትላለች፤ ወርቅ ያመጣህላት ነው የሚመስለው። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ ብልጭ አለብኝ። አልወደድኩትም፤ እንዲህ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ብረት ይበላል። በመዶሻ ለሁለት ከፈልኩት፤ ለምርመራ አዲስ የተሰበረ ፊት ነው የሚያስፈልገው።

«ምን ነካሽ አንቺ! እሱ ያመጣውን?» ብላ ጮኸች።

«ግማሹን ነው እማ፣ ግማሹን ትቼልሻለሁ» ብዬ ወደ ላቦራቶሪ ሮጥኩ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ «መርፌ» እያልክ የምትጠራኝ በእሱ አይደል? የሾለ የብረት መርፌ ክብደት ተጭኖበት ድንጋዩን አንዴ ይጭረዋል፤ ከዚያ ጫፉ ምን ያህል እንደተበላ በማጉያ እናያለን። ቁፋሮው ሳይጀመር ከዋሻው አፍ የተላከልን ድንጋይ መርፌዬን ምንም አላለውም ነበር። «ለስላሳ ነው» አልን፤ ሁሉም ደስ አለው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ናሙና የላከ የለም። የእማዬ ድንጋይ ግን ጫፉን ዱልዱም አደረገው። መርፌው ችግር አለበት ብዬ ለወጥኩት። ያኛውም እንደዚያው። አምስተኛውም ሲደግመው ጥፋቱ የመርፌው እንዳልሆነ ገባኝ።

መርፌ እንዲህ የሚበላ ድንጋይ የመቆፈሪያ ማሽኑን ጥርስማ ምን ያደርገው! ጥርሱ ባለቀ ቁጥር ደግሞ ሰው ከማሽኑ ፊት፣ የዋሻው ጣሪያ ካልተደገፈበት፣ ከብረቱና ከድንጋዩ መሃል ሾልኮ ገብቶ መቀየር አለበት። ለካቦው ደወልኩና «ለመሆኑ ጥርሱን የሚቀይረው ማነው?» አልኩት።

«ወንድምሽ ነዋ! አልነገረሽም?»

«እሱ እኮ ኋላ፣ አፈር ማመላለሻው ጋ ነው የሚሠራው።»

«ድሮ! አሁንማ በየፈረቃው ይገባል። ማን ይግባ ሲባል ‹ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ እኔ እገባለሁ› ብሎ እጁን አወጣ። ጀግና ነው እኮ!»

ስልኩን ዘጋሁት። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ! እናት አለችኝ ብትል ምን ነበረበት? እህትስ? «እኔማ ቁጭ ብዬ አፈር ሲያልፍ አያለሁ» እያልክ ስታስቀን ከርመህ! እንዲህ ተናድጄብህ አላውቅም፤ እንዲህ ፈርቼልህም አላውቅም።

ኃላፊዬ መርፌዎቹን አይቶ «ወይ ጉድ!» አለና ወደ ዋሻው ደወለ። አዲስ ናሙና እስኪለካና ጣሪያው እስኪደገፍ ማንም ከማሽኑ ፊት እንዳይገባ ነገራቸው። «ይቺን ፈረቃ እንጨርስ» አሉት። ይቺ ፈረቃ ያንተ ናት። ናሙና ሊያመጣ የሚወጣው ሾፌር ይህን ወረቀት ከቤት ወስዶ ያደርስልሃል፤ በእጅህ ሳይሰጥህ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ቤት ስመለስ ግማሹን ድንጋይ ከበሩ ሥር መልሳዋለች። ቀልሎ ነፋሱ እየገፋው ስላስቸገራት፣ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀምጣ በሩን በእግሯ ይዛዋለች።

«እማ፣ ይዘጋ፤ ይበርድሻል» አልኳት።

«ልጄ ሲመጣ ተዘግቶ እንዳያገኘው» አለችኝ።

ወረቀቱን እንዳነበብክ ውጣና ደውል። ከእማዬ ጎን ተቀምጫለሁ፤ እግሯ ሲደክም እኔ እይዘዋለሁ።

መርፌህ