በልብስ ማስጫው ገመድ የመጣ ኢንተርኔት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ለዚህ ቤት ነዋሪዎች በሙሉ፣ ለድመቷም ጭምር! ዛሬ ጠዋት ከቁርስ በኋላ የኢንተርኔቱ ሳጥን ከቡፌው ውስጥ በክብር ወጥቶ ቡፌው አናት ላይ መቀመጡን ስገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማኛል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ባለቤቴ፣ የልጅ ልጄና እኔ ተገኝተናል። ንግግር አልተደረገም። ጭቅጭቅ ግን ነበር።

ሳጥኑ ቤታችን ከገባ ጀምሮ ቡፌ ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎች ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ፣ መስታወት ተዘግቶበት ነው የኖረው። ባለቤቴ ናት ያስገባችው። «አቧራ ይገባበታል።» እውነቷን ነው። አቧራ አልገባበትም። ኢንተርኔትም አልወጣበትም።

ያወጣችው ፌንጣ ናት። ፌንጣ የልጅ ልጄ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዘል እንጂ ስትራመድ አይቻት አላውቅም። ሥራዋ ጓሮ ባለችው ክፍሏ ተቀምጣ፣ ማቀዝቀዣቸው አልቀዘቅዝ ያላቸውን ሰዎች በኢንተርኔት ማነጋገር ነው። ሰዎቹ ተቆጥተው ይደውላሉ። እሷ «ይቅርታ ጌታዬ...» ስትል ይቋረጣል። መልሰው ሲደውሉ ማቀዝቀዣውን ረስተውታል፤ የተቆጡት በእሷ ነው።

እና ሳጥኑ ወጣ። ጓሮ ሄድን። ጠበቅን... ያው። በሳጥኑና በእሷ መሃል የእኔ ግንብ አለ። የሳሎኑ የኋላ ግድግዳ። ድንጋዩን አንድ በአንድ እላዩ ላይ ቆሜ ያስገነባሁት። መድፍ አይበሳውም እያልኩ ስፎክርበት የኖርኩት። ዋይፋይም አልበሳው። ትንሽ ኮራሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

አለቃዋ ደወለችላት። የሙከራ ጊዜሽ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ መስመርሽ እንዲህ ከሆነ ቢሮ እየመጣሽ ትሠሪያለሽ... ቢሮው ሌላ ከተማ ነው። እዚያ ጓደኛ አላት፤ ጓደኛዋ ደግሞ ባዶ ክፍል አላት። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ አይገርምም?

ማታ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደችው። «አቧራውን ልጥረገው ብዬ ነው።»

«ጥሩ አደረግሽ» አልኳት። «ስትሄጂ ክፍልሽን ለዶሮ አደርገዋለሁ።»

ሳቀች። ባለቤቴ አልሳቀችም። «አንተ ሰውዬ፣ ቀልድህ መቼ ነው ጡረታ የሚወጣው?»

እዚህ ቤት ሦስት ነን። ሁለት ብንሆን በማን ልቀልድ? ባለቤቴ እንደሆነች ቀልዶቼን በሙሉ ታውቃቸዋለች። መጨረሻቸውን ቀድማኝ ነው የምትናገረው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ሳሎን ሳጥኑ ሥር ተቀምጣ ትሥራ ተባለ። ዝም እንድንል አስማለችን። ባለቤቴ ማለች። እኔም ማልኩ፣ በአፌ ብቻ።

አንዲት ሴትዮ ደወለች። ማቀዝቀዣዋ ውሃ ያንጠባጥባል። ፌንጣ እንደተማረችው ትጠይቃታለች፤ መቼ ገዙት፣ ቁጥሩ ስንት ነው... ባለቤቴ ትዕግሥቷ አለቀ። ከሶፋው ላይ ሆና ጮኸች፦ «የኔ እመቤት፣ የበሩ ላስቲክ ላልቶ ይሆናል! ወረቀት ጣል አድርጊበትና ዝጊው፣ ከዚያ ሳቢው እስቲ!»

ሴትዮዋ፦ «ይቺ ደግሞ ማናት?»

ፌንጣ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፦ «ሱፐርቫይዘሬ... ናት።»

ወረቀቱ እንዲያው ሸርተት ብሎ ወጣ። ላስቲኩ ነበር! ሴትዮዋ ሱፐርቫይዘሯን አመሰገነች። አለቃዋ ግን አላመሰገነችም። ፌንጣ ወደ ጓሮ ተመለሰች። ባለቤቴ ከሰዓቱን ሙሉ ደረቷን ነፍታ ዋለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ ሁለት ነጫጭ መሰኪያዎች ሰጠኝ። «አባቴ፣ አንዱን ሳጥኑ ጋ፣ አንዱን ልጅቷ ጋ ይሰኩት። ኢንተርኔቱ በመብራት ሽቦው ውስጥ ይሄዳል። ግድግዳ አያግደውም።»

«ከመብራቱ ጋር አይጣላም?»

«በአንድ ሽቦ ውስጥ ናቸው እንጂ አይነካኩም።»

እኔና ባለቤቴም እንደዚያው ነን አልኩት። አልገባውም። ገና ወጣት ነው።

ሰካን። ፌንጣ ከጓሮ፦ «መጣ!» እስከ ምሳ አንዴም አልተቋረጠም። የሻጩን እናት መረቅሁ። ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ዕቃ ልታጥብ የውሃውን ፓምፕ አስነሳች። ሲነሳ እንደ አሮጌ ትራክተር ነው የሚያጓራው። ፌንጣ፦ «ሄደ!» ፓምፑ ቆመ። «መጣ!» ተነሳ። «ሄደ!»

ሻጩ ዘንድ ተመለስኩ። «ፓምፕ አለዎት እንዴ? ሞተር እኮ ይረብሸዋል። ምነው ሳይነግሩኝ?»

ምርቃቴን ከእናቱ ላይ መልሼ ወሰድኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ፓምፕ። ሄደ። መጣ። ፓምፕ። ሄደ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ድርድር ተቀመጥን። ውሃ ጠዋትና ማታ ብቻ ይሳብ አልኩ። በመሃል በባልዲ። «ማን ይቅዳ?» አለች ባለቤቴ። እኔ። ቀዳሁ፤ በሩ ሥር ደረደርኩ። ከዚያ ፌንጣ ስትጣራ ልሮጥ ብዬ ራሴ የቀዳሁትን ራሴ ረግጬ ደፋሁት። ሳሎኑ ባሕር ሆነ። ባለቤቴ መወልወያውን እጄ ላይ አስቀመጠች።

ከሰዓት ፓምፓችን ተኝቶ ሳለ መስመሩ ሄደ። ምን ሆነ? ጆሮ ብሰጥ ጎረቤት ውሃ እየሳበ ነው። አሁን ሰፈሩን በሙሉ አትጠጡ፣ አትታጠቡ ልበል?

ከእጅ አይሻል ዶማ። መሰኪያዎቹን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

«ነገ እመጣለሁ» መጣ! ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የኢንተርኔቱ ድርጅት የጥገና ሠራተኛ ነው፤ በደወልኩለት ቁጥር «አባቴ፣ ነገ እመጣለሁ» ይላል። ዛሬ ተሳስቶ መጣ መሰለኝ።

ግንቡን በጣቱ አንኳኳ። «ይሄን መብሳት ነው እንጂ።»

«በእኔ ዕድሜ ማንም አይበሳውም።»

«ታዲያ በየት ይለፍ?»

«ባለሙያው አንተ ነህ።»

ጓሮ ወጣ። የባለቤቴ አንሶላዎች ተሰጥተዋል። አንዱን ገለጥ አደረገና ገመዱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «አባቴ፣ ይሄ ምንድነው?» የልብስ ማስጫ። «የዲሽ ኬብል ነው እኮ!»

ለካ! ድሮ የጓሮዋ ክፍል ሌላ ቴሌቪዥን ነበራት። ግንቡ ሲሠራ ድንጋዩ መሃል ተቀብሮ፣ ከሳሎን ወጥቶ፣ ግቢውን በአየር ተሻግሮ እዚያ የሚገባ ኬብል ዘርግተን ነበር። ቴሌቪዥኑ ሞተ፣ ኬብሉ ቀረ። ባለቤቴ አንድ ቀን ካልሲ ሰቀለችበት። አልበጠስ አላት። ከካልሲ ወደ ሸሚዝ፣ ከሸሚዝ ወደ አንሶላ እያለ በሹመት አደገ። ገመድ መሆኑን እንጂ ኬብል መሆኑን ሁላችንም ረሳነው።

«እናንተ የኢንተርኔት መንገድ ላይ አንሶላ አስጥታችሁ ነው መንገድ ጠፋን የምትሉት!»

በሁለቱ ጫፍ አንድ አንድ ትንሽ ሳጥን ቢገባበት ኢንተርኔት ይሸከማል አለ። መቼ ታመጣቸዋለህ? «ነገ።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ነገ ዛሬ ሆነ። ሳጥኖቹ ገቡ። ፓምፑ ያጓራል፣ ፌንጣ ታወራለች፣ አንድም ነገር አይቋረጥም!

አዋጅ አወጣሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ኬብሉ ላይ መሀረብ እንኳ አይሰቀልም።

«ታዲያ የት ላስጣ? አፍንጫህ ላይ?»

«ይበቃል፣ ሰፊ ነው።»

ባለቤቴ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ግን ተበቀለችኝ። ልብሱ አሁን በየወንበሩ ነው። ጋዜጣ የማነብበት ወንበር ላይ የማን እንደሆነ የማልናገረው የውስጥ ልብስ ተሰጥቷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ጉድ ሠራሁ።

ባለቤቴ ትልቁን ብርድ ልብስ አጠበች። «ያዝልኝማ፣ አጥሩ ላይ ጣለው» አለችኝ። ያዝኩት። ከዚያ እጄ... እጄ አልጠየቀኝም። ስንት ዓመት የለመደውን አደረገ። ገመዱ ላይ አንጠለጠለው። ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ በሬ ያህላል። ገመዱ ረገበ። ከግንቡ ውስጥ አንድ ነገር «ጧ» አለ።

ከጓሮ፦ «አባባ!»

«እማማ» አላለችም። አባባ ነው ያለችው። እንዴት አወቀች?

«ነፋሱ ነው» አልኩ።

ባለቤቴ ብርድ ልብሱን አየች። እኔን አየች። «ነፋሱ ደግሞ በመቆንጠጫ ቆንጥጦ ነው የሚሰቅለው?»

አለቃዋ ለካ ያኔ እያዳመጠች ነበር። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ አዳምጥሻለሁ ብላታለች፤ አንዴ ከተቋረጠ በሚቀጥለው ሰኞ ቢሮ ነሽ። ፌንጣ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በክፍሏ በር ሳልፍ ሻንጣው ተከፍቷል። ወፍራሙ ሹራቧ ገብቶበታል።

የዶሮውን ቀልድ ዛሬ አልደገምኩትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

«ነገ እመጣለሁ» መጥቶ አየው። ኬብሉ የተበጠሰው ግንቡ ውስጥ ነው፤ ከድንጋይ መሃል ስቦ ማውጣት አይቻልም። ሌላ ኬብል በመስኮት ቢገባስ? መስኮቱ ብረት ነው፤ ሲዘጋ ይቀጥፈዋል፤ ካልተዘጋ ደግሞ ባለቤቴ ዓይኗን አትከድንም።

ግንቡን አየሁት። ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርሳል።

«ብሳው» አልኩት።

አላመነኝም። «በእኔ ዕድሜ ማንም አይበሳውም አላሉም?»

«ዕድሜዬማ አልቋል። አሁን ያለሁት በምራቂ ነው።»

ድሪሉ ጮኸ። ሳሎኑ ነጭ ሆነ። ባለቤቴ ቡፌዋን በአንሶላ ሸፍና እላዩ ላይ ተዘረጋችበት። ቀጭ! የድሪሉ ጫፍ ተሰበረ። ሌላ ገባ። ቀጭ! ተናድጃለሁ... ግን እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስም ብሎኛል።

«አባቴ፣ ይሄን ግንብ በምንድነው የሠሩት?»

«በጭቅጭቅ።»

ረጅምና ጠንካራ ጫፍ ያስፈልጋል። ነገ እመጣለሁ አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

አልመጣም። አሥር ጊዜ ደወልኩ። ሹራቡ ላይ ጫማ ተጨምሯል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

መጣ። እንደ ጦር የረዘመ ጫፍ ይዞ። ግማሽ ቀን ታገለው። በመጨረሻ ከጓሮ በኩል ብርሃን ገባ፤ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ። ለዚች ነው ይህ ሁሉ? ዓይኔን ብደቅንባት ከወዲያ ማዶ የፌንጣ ዓይን። «አባባ፣ ሽፋሽፍትህ ላይ አቧራ አለ።»

ቀሪው የእኔ ነበር። ከግንቡ እስከ ክፍሏ ግቢውን ቆፈርኩ፤ ላስቲክ ቱቦ ቀበርን፤ ኬብሉ በቱቦው ውስጥ አለፈ። ባለቤቴ ሰላጣዬን እንዳትነካ እያለች እላዬ ላይ ቆማለች። ግንቡን ሳሠራ እኔ እንዴት ቆሜ እንደነበር አሁን ገባኝ። ሰዎቹ እንዴት ታገሡኝ?

ማታ ወገቤን ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ፌንጣ መጣች፣ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባባ፣ ባይሠራም እኮ ትቼህ አልሄድም ነበር» አለችኝ። ጫማዬን አውልቄ አፈሩን አራገፍኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ከጠዋት ጀምሮ በሯ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ድመቷን ሳይቀር አላሳለፍኩም። ባለቤቴን ለመንኳት፦ የዛሬን ብቻ ፓምፑን አታስነሺ።

«ዛሬ ካልተሞከረ መቼ ሊሞከር ነው?» ብላ አስነሳችው! ፓምፑ አጓራ። ከውስጥ የፌንጣ ድምፅ፦ «...እሺ ጌታዬ፣ የበሩ ላስቲክ ላልቶ ይሆናል፤ ወረቀት ያስገቡበትና...»

አልተቋረጠም። እስከ ማታ አንዴም።

አለቃዋ መጨረሻ ላይ ደወለች። መስመርሽ ጥሩ ነው፤ ግን ከጀርባሽ የሚያጓራው ምንድነው፣ ትራክተር ላይ ተቀምጠሽ ነው እንዴ የምትሠሪው?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ለዚህ ቤት ነዋሪዎች በሙሉ! ሻንጣው ዛሬ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት በክብር ተመልሷል። አሮጌው ኬብል ወደ ቀድሞ የልብስ ማስጫነት ሥልጣኑ ተመልሷል፤ ብርድ ልብሱ ተሰጥቶበታል፣ ወንበሬም ነጻ ወጥቷል። ባለቤቴ ለግንቡ ቀዳዳ ትንሽ ክብ ዳንቴል ሠርታ ሰቅላለች። አቧራ እንዳይገባበት።

«ነገ እመጣለሁ» ዛሬ ሳንጠራው መጣ። ኬብሉን ልይ ብዬ ነው አለ። ኬብሉን ያየው ፌንጣ ሻይ እስክታቀርብለት ድረስ ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ ሌላ ጣጣ...

ጠዋት ፌንጣ ክፍሏ ሆና ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስትጮህ በቀዳዳዋ በኩል ሰማኋት፦ «ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጪው።» ይሄ እውነት ነው። በገዛ ጆሮዬ፣ ዳንቴሉን ገልጬ የሰማሁት።

የረቡዑ ግን... «ባይሠራም አልሄድም ነበር» ያለችው። አላለችም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ባይሠራ ትሄድ ነበር፤ ጫማዋ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ማን ያውቃል፣ ብትሄድ ባዶ ክፍሏን እያየሁ የማነበው እንዲኖረኝ ብዬ ለራሴ አስቀድሜ የጻፍኩት ነው።

ያን ማታ አጠገቤ መጥታ ያለችው፦ «አባባ፣ ኬብሉን ረግጠኸዋል። እግርህን አንሳ።»

አነሳሁ።