የኦይታ ገመድና የጭስ ማሽላ

ሰኞ፣ መጋቢት 1 ቀን 1978

ገመዱን መሳቢያዬ ውስጥ ከካርቦን ወረቀቱ ጋር ሸጉጬዋለሁ። ቤት ይዤው ብገባ እማዬ መተት ነው ብላ ጸበል ትረጭብኛለች። በዚያ ላይ ዛሬ ሁዳዴ ተይዟል። ከዛፍ ልጥ የተገመደ ነው፣ ሰባት ቋጠሮ አለው።

የሰጡኝ ሽማግሌ ኦይታ ይባላሉ። ከወይጦ ቆላ የመጡ የጸማይ ሰው ናቸው። የእርዳታ ስንዴ አራግፎ በተመለሰው መኪና ተሳፍረው መጥተው፣ ከጠዋት ጀምሮ የግብርና ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ በትንሿ የእንጨት መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ሰው ሁሉ በጎናቸው ያልፋል። ውሃ ሰጠኋቸው። ጠጥተው ሲያበቁ፣ “ስንዴ በላን። እግዜር ይስጥ። ስንዴ ወይጦ አይበቅል። ማሽላ በላን፣ ዘሩንም በላን። አሁን ማሽላ ስጥ፣ እንዘራለን” አሉኝ። ሴት መሆኔ ለአማርኛቸው ምንም አልለወጠም።

አለቃዬ ጓድ ተፈራ ዘንድ ገባሁ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ስንዴ ብቻ ነው። ለክፍለ ሀገር ለጻፍነው ደብዳቤ (እኔው ነኝ በሦስት ኮፒ የተየብኩት) የመጣው መልስ የበቆሎ ዘር በቅርቡ ይላካል የሚል ነው። በቆሎ በወይጦ ፀሐይ ቁመቱ ጉልበት ሳይደርስ ይደርቃል። ጓድ ተፈራም ይህን አያጣውም። ምን ላድርግ አለ።

ስወጣ ሽማግሌው ገመዱን አስያዙኝ። በየጠዋቱ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ ቋጠሮው ባለቀበት ቀን ይዘራል። ከዚያ ካለፈ ዝናቡ ማንንም አይጠብቅም። ለምን ለእኔ? እኔ ታይፒስት ነኝ፣ ደመና አላዝም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2። ስድስት ቀረ።

ከቢሮ በፊት ፈታሁ። ልጡ ደረቅ ነው፣ ጥፍሬን ሰበረኝ።

ሽማግሌው አሁንም በሩ ላይ ናቸው። የት አደሩ ብዬ ብጠይቅ በእጃቸው መጋዘኑን አሳዩኝ። ዘበኛው አስጠግቷቸዋል፣ እግዜር ይባርከው።

በምሳ ሰዓት በቀለ ሱቅ ሄድኩ። በቀለ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን መሪና ክራር መቺ ነው። እኔ ደግሞ ከዘፋኞቹ አንዷ ነኝ። ሐሙስ ማታ አዳራሽ ውስጥ ያንኑ የማዳበሪያ ዘፈን ልናቀርብ ነበር። ባለፈው የማዳበሪያውን ዘፈን ስናቀርብ የመጣው ሰው ከእኛ ያነሰ ነበር።

ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ፣ “ዘፈኑን እንቀይረዋ፣ አስካሉ። መግቢያውም ገንዘብ አይሁን። አንድ አንድ ጣሳ ማሽላ ይሁን” አለ። ልስመው ነበር፤ ሚስቱ ስፌት ማሽኑ ላይ ስለነበረች ተውኩት።

ጓድ ተፈራ ያለ ክርክር ተስማማ። ለሪፖርት ያምራል አለ። መኪናው እሑድ ወደ ወይጦ ስለሚወርድ፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ዘር ከተገኘ ይጫናል፤ ካልተገኘ ሲሚንቶ ይዞ ይወርዳል።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦ ዘፈን የለንም። የአኮርዲዮኑ አንድ ቁልፍ አይነሳም። ማሽላ ያለው የዙሪያችን የአሪ ገበሬ ኪነታችንን ሰምቶ አያውቅም። እማዬ በጾም ከበሮ የሚመታ ቤት እንዳልረግጥ ብላኛለች።

ረቡዕ። አምስት።

ዘፈን ተገኘ። በቀለና እኔ ቃል እየቀጠልን እየነቀልን፣ ሚስቱ እየሳቀችብን፣ ይህን አወጣን፦

ስንዴው ተሰፍሮ ከመርከብ ወረደ፣
የኛ ቀይ ማሽላ ወዴት ተሰደደ?

ጓድ ተፈራ አንብቦ ላብ አጠመቀው። ስንዴ የላኩልን ሰዎች ይቀየማሉ፣ “ተሰደደ” የሚለውም ቃል ጥሩ አይደለም አለ። በእስክሪብቶ ሰረዘው። “ማሽላ ይዛችሁ ኑ” የሚለው አዝማች ብቻ ተረፈ። ምንም አይደል፣ ዜማው ደስ ይላል፤ ስተይብ ሳይቀር ጣቶቼ በምቱ ይሄዳሉ። ጓድ ተፈራም ኮሪደሩ ላይ ሲያፏጨው ሰማሁት።

ለፋፊው በሜጋፎን ከተማውን አዳረሰ። “ለሐሙስ ዘፈን ማሽላ ይዛችሁ ኑ።”

ሐሙስ። አራት።

አሁን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ከአንድ ሰዓት በፊት እያለቀስኩ ነበር።

አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት ሳይቀር ተንጠልጥለው ነበር። በር ላይ ጆንያ ዘርግቼ ቆምኩ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ መሶቧን ከፈተች፣ ንፍሮ። ሁለተኛው ሰውዬ ንፍሮ። ሦስተኛዋ ቆሎ። አራተኛው በእንስራ ቦርዴ፣ የማሽላ መጠጡን። ሁሉም ማሽላ ይዘው መጥተዋል፣ እንደተባለው። ሁሉም አብስለው።

በቀለ ከመድረክ ሆኖ ሞላ ወይ ብሎ በእጁ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? ሞልቷል፣ ይጨሳል።

ዘፈኑስ ተወደደ። ሦስት ጊዜ አስደገሙን። ንፍሮው ደግሞ የጾም ስለሆነ ሁላችንም ጠገብን። አባባ ኦይታ አንድ ጭብጥ በሉና መዳፋቸው ላይ የቀረውን ትንሽ አዩት። “ጣፋጭ ነው። ይሄም አይበቅል” አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ዓርብ። ሦስት።

ጠዋት በቀጥታ እማማ ጎዳሬ ዘንድ ሄድኩ። የአሪ ሴት ናቸው። ገበያ ዳር የተቀቀለ ጎዳሬ ስለሚሸጡ ከተማው በዚሁ ነው የሚጠራቸው። ትናንት ቆሎ ይዘው የመጡት ሦስተኛዋ ሴትዮ እሳቸው ነበሩ።

ለምን ጥሬ አልመጣም ብዬ ጠየቅኩ። “ለዘፈን ጥሬ ይዞ የሚሄድ ማን ነው፣ ልጄ? ወፍ መሰልንሽ?” አሉኝ።

ከዚያ ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ። ዘር ጎተራ ውስጥ ካለው ማሽላ ጋር አንድ አይደለም። ሲታጨድ ዛላው ተመርጦ፣ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ፣ ነቀዝ እንዳይነካው ጭስ ሲጠጣ ይከርማል። እንግዳ አይነካውም። ለጽሕፈት ቤትም አይሰጥም። ጽሕፈት ቤት ያርሳል? ለሰው ነው የሚሰጠው፤ ያውም ፊቱ ታይቶ። ሰውየውን አሳዩን አሉ።

እየሮጥኩ ተመልሼ ለአባባ ኦይታ ነገ ገበያ ሕዝብ ፊት እንዲቆሙ ለመንኳቸው። ፊታቸውን አዞሩብኝ። ልመና አላውቅም አሉ። ቤተሰባቸው ሲራብ እንኳ ለስንዴ የተሰለፉት ሚስቶቻቸው ናቸው እንጂ እሳቸው ሰልፍ አልያዙም። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የኪነቱንም፣ የሲሚንቶውንም፣ የእማማ ጎዳሬንም ነገር ሁሉ አወራኋቸው፤ ምን ያህሉን እንደሰሙኝ እንጃ። ፀሐይዋ ዘወር ስትል ተናገሩ።

“አልለምንም። ሰው ሲሞት ስሙን ትጠራለህ። እኔ የበላነውን እጠራለሁ።”

ለበቀለ ነገርኩት። ሲመሽ ሌላ ስንኝ ጽፎ መጣ። ይኼኛውን ለጓድ ተፈራ አላሳየሁትም።

ቅዳሜ። ሁለት።

ከደስታዬ ብዛት እንዳላምታታው፣ በሥርዓት ልጻፈው።

መኪናውን ገበያው መሃል አቁመን የጭነት ሳጥኑ ላይ ወጣን። እማማ ጎዳሬ ከመንደራቸው አምስት ሰዎች የቀርከሃ ዋሽንት ይዘው እንዲመጡ አድርገዋል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ በየተራ ሲነፉት ነው ዜማ የሚሆነው። የአኮርዲዮኑ የማይነሳ ቁልፍ ዛሬ ማንም ትዝ አላለውም። እኔም በቀለ የጻፈውን ጮክ ብዬ አወጣሁት፦

ጭስ ላይ የሰቀልሽው የጓዳሽ ማሽላ፣
ወይጦ ላይ ይዘራ አገር እንዲበላ።

ከዚያ አባባ ኦይታ ተነሱ። ዋሽንቶቹ ዝም አሉ። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው ያላቸው። ወንዶቻቸው ለበሬያቸው እንደሚዘፍኑት ነበር የዘፈኑት፣ ግን ስለ በሬ አልነበረም። ጸማይኛ የሚያውቁት እማማ ጎዳሬ፣ ዱሮ ከወይጦ ፍየል ይነግዱ ስለነበር፣ በሜጋፎን ወደ አሪኛም ወደ አማርኛም መለሱት። አንገተ ቆልማማው ማሽላ አለቀ። ወፍ የማይደፍረው ነጩ አለቀ። ልጅ ሳያለቅስ የሚደርሰው ቀዩ አለቀ፣ በመጨረሻ የበላነው እሱን ነው፣ ሲበላ ማንም አልተናገረም።

ገበያው ውስጥ ሚዛን እንኳ አልተንኳኳም።

ከኋላ አንዲት ሴት በአሪኛ ጮኸች። ቀዩ እኔ ቤት አለ ማለቷ ነው። ሌላዋ ደግሞ ቆልማማው እኔ ጋ አለ አለች። አንዱ ሽማግሌ እየሮጠ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተከተለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጭስ የጠቆረ ዛላ እየያዙ ሲጎርፉ ነበር። እያንዳንዳቸው ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለአባባ ኦይታ በእጃቸው ሰጡ፤ እሳቸውም አንዱንም ሳያስተርፉ ፊታቸውን አይተው ተቀበሉ። ዋሽንቱ ለእያንዳንዱ ዛላ ተነፋ። ወይጦ ላይ የማይሆነውን የደጋ ማሽላ ጓድ ተፈራ ራሱ ለይቶ በክብር መለሰ። ከሸሚዙ እስከ ቅንድቡ ጥላሸት ለብሶ ነበር።

አራት ጆንያ ተኩል። ስንዴ ቢሆን ምንም አይደል፣ ዘር ሲሆን ግን አገር ነው።

እማዬ ከሱቁ ጥግ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሸፍና ስትሰማ አይቻታለሁ። አላየኋትም ብያለሁ።

እሑድ። አንድ።

ሳይነጋ ጫንን። አባባ ኦይታ ጆንያው ላይ እንጂ ጋቢና አልቀመጥም አሉ። ገመዱን ልመልስላቸው ብሄድ ከወገባቸው የራሳቸውን መዘው አሳዩኝ። ለካ መንታ ኖሯል። የሳቸውም አንድ ቋጠሮ ነው የቀረው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘን ተያየን፤ ከዚያ መኪናው ተነሳ።

በወይጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ወይ ዝናብ ነው፣ ወይ እኔን ሊያጽናና ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ለሁለት ሳምንት የጻፍኩት ነገር ቢኖር የቢሮ ደብዳቤ ብቻ ነው። በቆሎው አልመጣም። ጓድ ተፈራ የሠራውን ሪፖርት ስተይብ ኪነቱ “የግንዛቤ ማስጨበጫ መርሐ ግብር” ሆኗል፤ ንፍሮው የለበትም።

ዛሬ ሹፌሩ ከወይጦ ተመለሰ። ማሽላው በቀለ ወይ ብዬ ኮቱን ይዤ ጠየቅኩት። አረንጓዴ ነገር አይቻለሁ፣ ማሽላ ይሁን አረም እኔ ሹፌር ነኝ አለ። ልገድለው ነበር። ከዚያ ከኪሱ የታሰረ ነገር አወጣ። ሽማግሌው ለዚያች ውሃ ለሰጠችኝ ስጥልኝ ብለውታል።

ገመድ ነው። ረጅም፣ አዲስ፣ ገና የልጥ ሽታው ያልለቀቀው። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ አንዴ ሰማንያ ስምንት አንዴ ሰማንያ ዘጠኝ ሆነብኝ። እማማ ጎዳሬ ዘንድ ይዤ በረርኩ። በጣታቸው እየዳሰሱ ፈገግ አሉ። የአጨዳ ጥሪ ነው፣ ክራሩንም ይዛችሁ ኑ ማለት ነው አሉኝ። ለአረም ማንም ገመድ አይቋጥርም።

ቤት ይዤው ገባሁ፣ አልደበቅኩትም። እማዬ ከፍ አድርጋ አየችው። ጸበሉ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ እጇ ወደዚያ አልሄደም።

“የዛሬውን ፈታሽ?” አለችኝ።

ገና ነበር። አብረን ፈታነው።