ቁልፉን ሰብረውታል

ይድረስ ለልጄ ለየምስራች፤ መድኃኔዓለም በቤይሩት ሰማይ ሥር ጥላ ይሁንሽ። ድንቹ ዘንድሮ ከጉና ውርጭ ተርፏል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ያሠራሽልኝን የብረት በር ያየ ሁሉ «ከበሩ!» ይለኛል። ጎረቤታችን አዛለች ግን ማንኳኳቱን አፍራ እሳት ልትጭር መምጣቷን ተወች። ባለፈው ሳምንት ብርድ መታኝና በሩን እንደቆለፍሁ ሁለት ቀን ተኛሁ፤ የምድጃዬም እሳት ጠፋ። አዛለች ከቤቴ ጭስ ብታጣ ደንግጣ ባሏን ፋንታውን ይዛ ደረሰች። እሱ ቁልፉን በመጥረቢያ ገነጠለው፤ እሷ ፍም በገል ይዛልኝ ገባች።

ልጄ፣ ለካ መክበር ጭስሽ ሲጠፋ የሚደነግጥ ሰው ማግኘት ኖሯል። በሰው አገር እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጥሽ። አደራሽን፣ ሌላ ቁልፍ እንዳትልኪ። በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ፤ ስትመጪ እንዳታንኳኪ።