ኢፖኮንድሪዮ በቡሬ

ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፴፣ ቡሬ

ሐኪም ቤቱ ጭር ብሎ ዋለ። ሁለት ቁስለኛ፣ አንድ ጥርስ። አስመራ ስነግድ የለቃቀምኳት ጣሊያንኛ እዚህ አስተርጓሚ አድርጋ አስቀምጣኛለች... ሥራ ከተባለ።

ከሰዓት በኋላ ዘሩን አመጡት። ገበሬ ነው፤ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ ወድቆ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሐኪሙ ቀኝ ጎኑን ከጎድኑ በታች ጫን ቢያደርገው አቃሰተ። «ኢፖኮንድሪዮ» አለ ሐኪሙ። ምን ብዬ ልተርጉመው? ጠየቅሁት። የግሪክ ቃል ነው አለኝ። «ኢፖ» ከሥር ማለት፤ «ኮንድሮስ» ደግሞ የጎድን ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ አጥንት። ቀኝም ግራም አለ። በቀኙ ሥር ጉበት ይገኛል።

ግሪክ... ቅኔ ቤት ጽርዕ ስንል የኖርነው መሆኑ ነው። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐኪሙ ዘሩን ላመጣው የመንገዱ ሥራ ዘበኛ ያችኑ ቃል ብሎት ዘሩ ከድንጋይ ፈለጣው ቀረ።

ኅዳር ፲

ዘሩ ቃሏ ከድንጋይ እንዳስቀረችው ለሚስቱ ለታንጉት ነገራት፤ ታንጉት ለጎረቤት፤ ጎረቤት ለገበያው። ዛሬ በር ላይ የተሰለፈው ሁሉ ጎኑን ይዟል። አንዷ «ጉልበቴን ኢፖኮንድሪዮ ይዞኛል» አለችኝ። በሽታ አይደለም፣ የአካል ቦታ ነው፤ አንቺም አለሽ፣ እኔም አለኝ አልኳት።

«አንተንም ይዞሃላ፣ አያ ወልዴ? እግዜር ይማርህ» ብላኝ ገባች።

ሐኪሙ ይጫናል፣ ሰዉ ያቃስታል። አሁንማ ሳይመረመርም ቃሉን ለዘበኛው ብቻ ብሎ የሚያልፍ አለ። ዘበኛውም ሐኪሙ ያሉት ነው ብሎ ያሳልፋል። ጽርዕ ቡሬን እንዲህ ይጠቅማል ያለ ማን ነበር?

ኅዳር ፲፯

ፊታውራሪ ዳኘው አስጠሩኝ። ጣሊያን የሾማቸው፣ ለመንገዱ ሥራ ሰው እያፈሱ የሚያስረክቡት እሳቸው ናቸው።

«ይኸ የሐኪሙ ነገር... ኢፖ የሚሉት። ለባላገሩ ሁሉ ሲታደል ለኔ የነገረኝ የለም።»

«ፊታውራሪ፣ በሽታ አይደለም። ከጎድን ሥር ያለ ቦታ ስም ነው። ሰው ሁሉ አለው።»

«ሰው ሁሉ? እኔና ዘሩ እኩል?»

«እርስዎ ሁለት አለዎት፤ በቀኝም በግራም።»

ውሸት አይደለም። ዘሩም ሁለት እንዳለው ግን አልጨመርኩም። ደስ ብሏቸው እስከ በር ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም እንዳመማቸው ለየሹሙ እያወሩ ነው አሉ።

ታኅሣሥ ፪

የመንገዱ ሥራ አለቃ የሆነው ጣሊያናዊ ካፒቴን ፊቱ ቀልቶ ሐኪም ቤት ገባ። መንገዱ ቆሟል። «ኢፖኮንድሪያኮ፣ ሁሉም ኢፖኮንድሪያኮ» ይላል። ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? ሐኪሙን ጠየቅሁት። የዚያው ቃል ልጅ ነው። የጥንት ሐኪሞች ትካዜ ከዚያ ከጎድን ሥር ይነሣል ይሉ ነበርና፣ ሳይታመም ታመምኩ የሚል ሰው በቦታው ስም ተጠራ። መጀመሪያ አካል፣ ኋላ ስድብ።

«የዘሩ ግን ጉበቱ አብጧል፤ እርስዎ ራስዎ ነክተውታል» አልኩ።

ሐኪሙ ካፒቴኑን አየ። ከዚያ መስኮቱን አየ። ዘሩን ወደ ድንጋዩ መለሱት።

ታኅሣሥ ፭

የገበያ ቀን ነበር። ካፒቴኑ ሕዝቡን ሰብስቦ ተርጉም አለኝ። ኢፖኮንድሪዮ አለብኝ የሚል ይውጣ፤ ተገርፎ ድንጋይ ይፈልጣል። ለሌላው መቀጣጫ ይሁን ብለው ዘሩን ከፊት መሬት ላይ አስቀምጠውታል። ታንጉት ከኋላው ቆማለች።

«ኢፖኮንድሪዮ ያለበት ይውጣ ብለዋል፤ መድኃኒቱ መንገድ ዳር ተከምሮ ይጠብቀዋል» አልኩ።

ገበያው ገባው። መንገድ ዳር ከድንጋይ ሌላ ምን ተከምሮ ያውቃል? ጎኑን የያዘ እጅ ሁሉ ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ ፊት የወጡት ፊታውራሪ ዳኘው ብቻ ናቸው፤ ካባቸውን አስተካክለው፣ ቀኝና ግራ ጎናቸውን እያመለከቱ፣ «ሁለቱንም» እያሉ። ካፒቴኑ በጥፊ አላቸው።

ሳቁ ገበያውን አፈረሰው። አህያው በረገገ፣ እህሉ ተደፋ፣ ወታደሩ ማንን እንደሚይዝ ጠፋው። ታንጉት ዘሩን በአንድ ብብቱ ገብታ ስታነሣው አየሁ። በሌላው ብብቱ የገባው ማን ነው? እኔ። አስቤበት አይደለም። በከብት ተራው በኩል ስንወጣ ሕዝቡ ከኋላችን ገጠመ።

ጥር ፰፣ ከብር ወንዝ ማዶ

የታንጉት ወንድም ቤት ነን። ፊታውራሪ በየቦታው እያስፈለጉኝ ነው አሉ። ወደ ቡሬ መመለስ የለም።

ዘሩ ትናንት አረፈ። ቄስ ናዝዞት፣ አልጋ ላይ። ዛሬ ቀበርነው።

ለቀስተኛው ሲበተን ታንጉት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እስካሁን እንባ አልወጣትም ነበር።

«አያ ወልዴ... ሰዉ ሁሉ በዚያ ቃል ሲጫወት ከረመ። እኔም ተጫውቻለሁ። የሱ ግን እውነት ነበር፣ አይደል? ታሞ ነበር?»

«ታሞ ነበር፣ ታንጉት። ጉበቱን። ሐኪሙም ያውቅ ነበር።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ያኔ አለቀሰች።