ለየካዋ ሙሽራ ያሰርኩት አበባ

መስከረም 13፣ ጠዋት

የቀጋው እሾህ አውራ ጣቴን ቦጨቀው። ብዕሩን በሁለት ጣት ይዤ ነው የምጽፍልህ፣ ወረቀቴ። ፊደሌን አይተህ አትሳቅብኝ።

ትናንት የለቀምኩት አደይ በሙሉ ጠውልጎ አደረ። ጥፋቱ የኔው ነው፣ በቀትር ቆርጬው። ዛሬ ጤዛው ሳይረግፍ ከጽዶቹ ሥር ወርጄ ለቀምኩ፣ ዘንጉን በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቀለልኩ። እስካሁን ቀና እንዳለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ግቢ የሚሠራው አርመኑ አንጥረኛ ሊያገባ ነው። ሰርጉ ለሃያ አምስት፣ የጽጌ ጾም ሳይገባ። በአገሩ ሙሽራ የታሰረ አበባ በእጇ ይዛ ነው አሉ የምትቀርበው። አባዬ በሚጽፏቸው መጻሕፍት ራስጌ ሐረጉን የምስለው እኔ ስለሆንኩ፣ አበባ ማሰርም የምችል መሰላቸው መሰለኝ፤ ለሙሽራዪቱ እሰሪላት አሉኝ። የየካ ልጅ ናት፣ እናት የላትም፣ የሚያግዛት ሰው የለም አሉ። እናት የላትም ሲሉኝ እንቢ ማለት አቃተኝ። የኔም የለችም።

መስ. 15፣ ረፋድ

ሦስት ጊዜ አስሬ ሦስት ጊዜ ተበተነብኝ። አራተኛው ያዘ። ነጩ ቀጋ መሐል፣ አደይ ዙሪያውን፣ ዳር ዳሩን ጦስኝ ለሽታው። ፈትሉን ሰም አስነካሁት፣ አይንሸራተትም።

የሙሽራዪቱ እጅ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ ብዬ አባዬን ጠየቅኩ። በራስሽ እጅ ለኪው አሉኝ።

ይህን ለሙከራ ያሰርኩትን አባዬ ራሳቸው ይዘውት ወደ አርመኑ ቤት ወረዱ፣ ይየው ብለው። ሰርጉ ሲደርስ ሌላ አስራለሁ። የደብሩ መሪጌታ እቅፍ አበባ ይዘው! ዲያቆናቱ ምን ይሉ ይሆን? ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ።

መስ. 18

መስቀል በሰላም አለፈ። ልብሴ አሁንም ደመራ ደመራ ይሸታል።

ስለዚያች ልጅ አስባለሁ። ልትዳር መሆኑ ተነግሯት ይሆን? ወይስ እንደ ብዙዎቹ በዕለቱ ነው የምትሰማው? አባዬን ጠየቅኳቸው። ዳዊታቸውን ገለጡ። ዳዊት የሚደግሙበት ሰዓት አልነበረም።

ለሷ እጸልያለሁ። ክር ባሰርኩ ቁጥር አንዲት ጸሎት።

መስ. 21፣ ከቀትር በኋላ

የሰማሁትን በተራ ልጻፈው።

እትዬ ደስታ መጡ፣ የአርመኑ ወጥ ሠሪ። ለሰርጉ ዕለት የሚሆነው አበባ መቼ ይደርሳል ብለው። ከዚያ አቅፈው ሳሙኝ። «እንኳን ፈቀድሽለት፣ ልጄ። አበባሽ ከደረሰው ወዲህ ሰውየው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶታል» አሉኝ።

ለማን ነው የፈቀድኩት አልኩ። የተሽኮረመምኩ መስሏቸው ሳቁ። ሁሉንም ነገሩኝ። ሰውየው ለአባዬ የላካቸውን ሽማግሌዎች፣ ሳትወድ የምትመጣ ሴት ከቤቴ አላስገባም፣ ከወደደችኝ በገዛ እጇ አበባ አስራ ትላክልኝ፣ እሺታዋን በዚያ አውቃለሁ ብሏቸው ኖሯል። አባዬም የኔን አበባ ወስደው ሰጡት። በሠራው የብር ጽዋ ውሃ አድርጎ አስቀምጦታል። ለገባ ለወጣው ያሳያል።

ሙሽራዪቱ እኔ ነኝ።

ያው ዕለት፣ ሰርክ

አባዬ ከደጅ ሲገቡ ጠየቅኳቸው። አልካዱም። «የተወለድሽው የካ አይደለም? እናት አለሽ? ምን ዋሸሁሽ?» አሉኝ።

እውነት ነው፣ አንድ ቃል አልዋሹም። ይህን ያህል ቀን ቃሉን ሲመርጡ ነበር ማለት ነው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር?»

«አልልም ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ሳሉ ያዛቸው። ሞት ቢቀድመኝ ሜዳ ላይ ትቀሪያለሽ አሉ። አሳዘኑኝ። በማዘኔ ደግሞ ተናደድኩ።

መስ. 22

እህል አልቀመስኩም። አልቅሼም አልወጣልኝም።

ሌላው አባት ልጁን ጎትቶ ይሰጣል። ጎትተው ቢሰጡኝ እጮህ ነበር፣ ጎረቤት ይሰማኝ ነበር። የኔው አባት ግን እሺታዬን ከእጄ ሰርቀው ወሰዱ። እኔም እየሳቅኩ አሰርኩላቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው፣ ከደብሩ ሰው ሁሉ ደብቀው ያስተማሩኝ እሳቸው። ሌላ ሰው ቢያታልለኝ ሮጬ የምነግረው ለሳቸው ነበር። አሁን ለማን ልንገር? ላንተ ብቻ።

ያን ሁሉ ጸሎትም ለራሴ ስጸልይ ከርሜያለሁ። ተሞኘሁ።

ሰውየውን ልጠላው ሞከርኩ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ አንዴም ያላነጋገርኩት ሰው ነው። አልሆነልኝም። ከሁሉም የኔን ፈቃድ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። ጥያቄው ነው እኔ ዘንድ ያልደረሰው።

መስ. 24፣ ጠዋት

ሰርጉ ነገ ነው። አባዬ ፈትሉን ከሰም ጋር ከመደቡ ላይ አስቀምጠውልኛል። እሰሪ አላሉኝም፣ አስቀምጠው ወጡ።

አልነካውም። ግን አለማሰር ብቻውን ምን ይጠቅመኛል? አፍራ ነው ይላሉ። እዚህ ቤት ቁጭ ብዬ እንቢ ብልም እንቢታዬ ከደጃፋችን አያልፍም። ያ አበባ እዚያ ጽዋ ውስጥ ሆኖ ስለኔ እሺ እያለ ነው።

ስለዚህ እወርዳለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሠራተኞቹ እያዩኝ። አማርኛ ይሰማል ብለውኛል እትዬ ደስታ። አበባዬን መልስልኝ እለዋለሁ። ለሌላ ሴት ብዬ ነው ያሰርኩት እለዋለሁ። አባዬ እንደሚዋረዱ አውቃለሁ። ምናልባት ዳግመኛ ልጄ አይሉኝም።

ከዚያ ሰውየው የጠየቀውን እኔን ራሴን ይጠይቀኝ። እንቢ ነው መልሴ። ከአፌ ይስማው።

አባዬ ቅዳሴ ላይ ናቸው። ልሂድ።